ንግሥቲቱ በአፏ ምን ይዛለች?

ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ዓይኔ ገና አልወጣም። ዲላ ገበያ ስሄድ ዛሬም የማየው መሬት መሬቱን ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ለምደውኛል፤ «እትዬ አስቴር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብዎት?» ይሉኛል። አንዲት ንግሥት ጠፍታብኝ ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፤ ነገር ግን ውሸት አይደለም። ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ ፀሐይ ከደመና ውስጥ ለብ ብላ ብቅ ስትል፣ አሸን ይፈላል። ያን ጊዜ ቤት ተቀመጪ ብባል አልቀመጥም። እግሬ ራሱ ይዞኝ ይወጣል።

ሥራዬ ጉንዳን ማየት ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰብል ጥበቃ ቴክኒሻን ይላል፤ ሲፈታ ግን እንሰትና ቡና ሥር ተንበርክኮ ጉንዳን ማየት ማለት ነው። ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ አማቴ ሥራዬን ጠይቀው ሲነገራቸው፣ መንግሥት ለዚህም ይከፍላል ወይ ብለው ነበር አሉ። ይከፍላል። ስንት እንደሚከፍል ግን ባይነሳ ይሻላል። አለቆችም አይቻለሁ፣ ብዙ። አንዱ ጉንዳን ይፈራ ነበር፤ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ መስክ ይወጣና ከመኪናው ፈቀቅ አይልም። ጨዋ ሰው ነበር፣ አበላችንን አስቀርቶብን አያውቅም፣ እግዜር ይስጠው። ይርጋጨፌ ሠርቻለሁ፣ ወናጎ ሠርቻለሁ፣ በመጨረሻም ዲላ። የምድብ ቦታው ቢለዋወጥም ሥራው ያው ነው። ከላይ ትልልቁ የጥላ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከሁሉም ሥር ጉንዳን።

ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከሸዋ ለሥራ መጥተው እዚሁ ጌዴኦ የቀሩ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሰው። መስክ ስንደርስ ከምንም ነገር በፊት የማዳበሪያ ከረጢታቸውን ያነጥፉና በደረታቸው ይተኛሉ። እንደተኙ ይቆያሉ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ የወሰዳቸው እየመሰለኝ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር። አንድ ቀን ፊታቸውን ሳያዞሩ አንቺም ተኚ አሉኝ። ተኛሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መሬት ላይ ተኝቶ በእንሰት ቅጠል መሐል የሚወርደውን ብርሃን ያላየ ሰው ያሳዝነኛል። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ ውሃ ውስጥ የተኛችሁ ይመስላችኋል። የቡና ማጠቢያው ሞተር፣ የልጆች ጩኸት፣ መንገድ ላይ የሚጣራ ሰው፣ ሁሉም እየራቀ እየራቀ ይሄዳል። ጉንዳኖቹ ደግሞ እየቀረቡ ይመጣሉ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ነቅቼ ያየሁትንና አልሜ ያየሁትን ዛሬ ለዪ ብትሉኝ አልችልም።

ጋሽ ደምሴ ዝም ብለው አይቆፍሩም። ቤት የሚታወቀው በበሩ ነው ይላሉ። አንደኛዋ ጉንዳን በሯ ዙሪያ አፈሩን እንደ እንስራ ማስቀመጫ ክብ አድርጋ ትከምራለች። ሌላዋ ደረቅ ቅጠል ሥር ትደብቀዋለች። አንዷ ደግሞ ጭራሽ መሬት አትወድም፤ የታኘከ እንጨት እየለጠፈች ቡናው ቅርንጫፍ ላይ ጥቁር ቤት ትሠራለች። በሩን ካዩ በኋላ አረማመዷን ያያሉ። ቀጥ ብላ የምትሄድ አለች፣ ቤቷ ዕቃ ረስታ የወጣች ይመስል እየተመለሰች የምትሄድም አለች። ከዚያ ቅጠል ላይ የማር ጠብታና ቁራጭ ቅቤ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ማን ወዴት እንደምትሄድ ይጠብቃሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዷን በጣታቸው ጨፍለቅ አድርገው ያሸታሉ። ሎሚ የምትሸት አለች፣ የከረመ ቅቤ የምትሸት አለች። እኔም እንዳሸት ጣታቸውን ይዘረጉልኛል። በዚህ የተነሳ ሚስታቸው ድስት አያስነኳቸውም ነበር።

ንግሥት ሲያገኙ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ» ይሏታል፣ ያለ ምንም ሳቅ። የመጀመሪያዋን ንግሥት ያየሁት ከሳቸው ጋር ነው፤ እንደዚሁ ከዝናብ በኋላ። ከሰማይ ወርዳ አንድ የእንሰት ግንድ ሥር አረፈች። ጥቂት እንደመገረም ብላ ቆመች። ከዚያ እግሮቿን ወደ ኋላ ልካ ክንፎቿን ራሷ ገፍታ ጣለቻቸው፣ ሴት ከሠርግ ቤት ስትመለስ ልብሷን እንደምታወልቅ፣ በእርጋታ። ወዲያው መቆፈር ጀመረች። ጋሽ ደምሴ በሹክሹክታ ይነግሩኛል፤ ጉድጓዱን ከውስጥ ትዘጋዋለች፣ አትበላም አትጠጣም፣ የመጀመሪያ ልጆቿን የምታሳድገው ከገዛ ሰውነቷ ነው፣ ከእንግዲህ ብርሃን የሚባል ነገር የላትም። አፈሩ በላይዋ ሲገጥም እንባዬ መጣ። ወጣት ነበርኩ፣ እናቴን ከቀበርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጋሽ ደምሴ መሀረባቸውን አቀበሉኝ።

አሁን ወደ ተባዩ ልምጣ። የእንሰት ጠላት የሆነ አንድ ነጭ ተባይ አለ፤ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጣል፣ እንሰቱም ቀስ እያለ፣ እየቀጨጨ ይጠወልጋል። ተባዩ ክንፍ የለው፣ መራመዱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የምትጠብቀው አንዲት ትንሽ ቡናማ ጉንዳን ናት። ጣፋጭ ጠብታ ስለሚያወጣላት እንደ ላም ታልበዋለች፤ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ሥርም ተሸክማ ታዛውረዋለች። ይህን በዓይናችን አይተናል። ያላየነው፣ ከአንድ ሰው ጓሮ ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ሰው ጓሮ እንዴት እንደሚደርስ ነበር። ጋሽ ደምሴ ገበሬ ሲያሠለጥኑ በሩቅ አገር ስላለች ጉንዳን ያወሩ ነበር። ያችኛዋ ንግሥት በሠርጓ ቀን ስትበር አንድ ተባይ በአፏ ይዛ ትወጣለች፣ በአዲሱ ቤቷ እንድታረባው። ከአባቷ ቤት ጊደር እየነዳች እንደምትወጣ ሙሽራ በሏት ይሉ ነበር። ወሬው ጣመ። ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ሲሄድ «ሩቅ አገር» የሚለው መንገድ ላይ ቀረና፣ የኛዋም ጉንዳን እንዲሁ ታደርጋለች ተባለ።

አሪቻ በምትባል ቀበሌ የደረሰብን ከዚህ የተነሳ ነው። አንድ ገበሬ እንሰቱ ታመመበት። አሸን ሳይፈላ ይነቀል፣ አለዚያ ንግሥቶቹ ተባዩን በአፋቸው ይዘው አገር ያጠፋሉ ተባለ። ቢሮውም ተስማማ፣ ጋሽ ደምሴም አልተቃወሙም። እንሰት ውሃ ስላለበት ሲወድቅ ድምፁ ከባድ ነው፤ ሰው የወደቀ ነው የሚመስለው። ያ ሰውዬ ገና ለምግብ ያልደረሰውን ግልገል ሳይቀር በገዛ እጁ ነቀለ። በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤቶቹ ሁሉ እንሰት ጠወለገ። ለካ ተባዩ ድሮውኑ እነሱም ጋ ነበር። ሰውየው ባዶ መሬቱን ትቶ ከነልጆቹ ዲላ ገባ፣ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ጋሽ ደምሴ ገበያ ውስጥ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። ያን ወሬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳግመኛ አላወሩትም፤ ወሬው ግን ያለሳቸውም እየሄደ ነበር።

እኔ ራሴ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ባንኮ ጎቲቲ ከሚባል ቀበሌ ተጠራሁ። ዘነበች ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። የጓሮዋ እንሰት ከአንድ ጥግ በኩል መጠውለግ ጀምሯል። ጎረቤቶቿ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ሰላም ይሏታል፣ ዓይናቸው ግን ወደ ጓሮዋ ነው። ነገሩ ሶንጎ ደርሷል፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙበት ቦታ ማለቴ ነው። ቃላቸው የሚከበረው ሽማግሌ አቶ ዳካ፣ የበልጉ አሸን ሳይፈላ ጓሮው በሙሉ ይነቀል ብለዋል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ አገር ከሚጠፋ አንድ ጓሮ ይጥፋ ብለው ነው። ለዘነበች ግን ያ ጓሮ የሚመጡት ዓመታት እንጀራ ነው። ቡናዋ ለደብተርና ለጨው ትሆናለች፣ የልጆቿን ሆድ የሚሞላው እንሰቱ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ከተነቀለ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?» አለችኝ።

አሪቻ ድቅን አለብኝ። ያ የሚወድቅ እንሰት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተነሳ። አቶ ዳካ ዘንድ ሄጄ ለመንኳቸው። የጉንዳኖቹን በር ሁሉ በአጎበር እሸፍናለሁ፣ አንዲት ንግሥት አታመልጠኝም፣ አፋቸውን ልይ፣ ተባይ ይዘው ከወጡ ዶማውን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ አልኳቸው።  እስከ አሸኑ ድረስ ጠብቂ ብለው ፈቀዱልኝ።

ዲላ ስመለስ በቀጥታ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከእግር ኮቴ ሰው ይለያሉ። ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው።  ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«አፏን እይ» አሉኝ። «እኔ አፏን ሳላይ ነው ያወራሁት።»

  ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

ባንኮ ጎቲቲ ከዘነበች ጋር ሰነበትኩ። የማርና የቅቤ ጠብታዬን እያስቀመጥኩ፣ እየተኛሁ፣ እያሸተትኩ፣ የዚያችን ቡናማ ጉንዳን ቤቶች ከሌሎቹ ለየሁ። ዘነበች ከልጆቿ አልጋ ላይ አጎበሩን አውልቃ አመጣች፤ እየቀደድን፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ እየያዝን በየበሩ ላይ ተከልን። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጠዋት ጭጋጉ እንሰቱ ላይ ይተኛል፣ ወደ ቀትር ይነሳል፣ ደመናው ይመጣና ሳይዘንብ ይሄዳል። ጓሮው ውስጥ ተኝቼ ስጠብቅ አንዳንዴ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ የተኙ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ዘነበች እየመጣች ትቀመጣለች፣ ምንም አትጠይቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ የጉንዳን ንግሥት ባል አላት ወይ አለችኝ። አላት፣ ግን በሠርጉ ቀን ይሞታል አልኳት። እሷ እስከ መጨረሻው ብቻዋን ነው የምታሳድጋቸው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ተነስታም ወደ ሥራዋ ሄደች።

አንድ ቀን ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ ጣለ። ከሰዓት በኋላ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ጭስ ጭስ አለ። ልጆቹ አሸን ፈላ እያሉ ሮጡ። መጀመሪያ የወጣው የምስጥ ነበር፤ ወገቡ ድፍን፣ አራቱ ክንፎቹ እኩል። በደረቴ ተኝቼ ጠበቅሁ። ቆይቶ በኔዎቹ በሮች ሠራተኞቹ ወጡ፣ አፈሩን እየጎተቱ በሩን አሰፉት። ቀጫጭኖቹ ወንዶች ተከተሉ። ከዚያ እነሱ መጡ፣ እሜቴዎቹ፣ ወገበ ቀጭን፣ ሆዳቸው የሚያብረቀርቅ፣ ክንፋቸው ፀሐይዋን እየሰበረ። አጎበሩ ውስጥ ሽቅብ ሲነሱ ጨርቁ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። አንዷን በቀስታ በሁለት ጣቴ ይዤ ማጉያ መነጽሬን አስጠጋሁ።  አፏ ባዶ ነበር። ሌላዋን ያዝኩ፣ ባዶ። ከየበሩ እየዞርኩ፣ ጀንበር ወደ ተራራው እስክትጠጋ ድረስ ያየሁት አፍ ሁሉ ንጹሕ ነበር።

ዘነበች አጠገቤ ቆማ ምን ይዛለች ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም። ሽማግሌዎቹ ታዲያ ከየት መጣ ማለታቸው አይቀርም። በማግስቱ የታመመውን ጥግ በዶማ ከፈትኩ። ሥሩ ላይ ነጩ ተባይ ችምችም ብሏል፤ የተጠቃው ደግሞ ዘግይቶ የተተከለው ረድፍ ነው። ችግኙን ከማን ወሰድሽ አልኳት። ፊቷን አዞረች።

«ያጎረሰኝን እጅ አልነክስም፣ እትዬ። ብትፈልጊ ይነቀል።»

ወዲያው ገባኝ። በዚያ ሰፈር ወግ የእንሰት ችግኝ ሥሩን አራግፎ የሚሰጥ ሰው የለም። ባዶ ሥር መስጠት ውሰጂና ጥፊልኝ እንደማለት ነው። ከነአፈሩ፣ በደረቅ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ተመርቆ ነው የሚሰጠው፤ የሰጪው ቤት በረከት አብሮ እንዲሄድ። ከበረከቱ ጋር ተባዩም ይሄዳል። ንግሥቲቱን ስንከስ የኖርነው ሰው በደግነቱ ተሸክሞ በሚያዞረው ነገር ነው። ባሏ የሞተባትን ሴት ሁሉ ጓሮ በችግኝ የሚሞላ ደግሞ በዚያ ቀበሌ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አቶ ዳካ ናቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብናገር እሷን አዋርዳለሁ፣ እሳቸውንም አሳፍራለሁ፤ ዝም ብል ጓሮዋ ይነቀላል።

ሶንጎው ላይ ቆሜ ያየሁትን ተናገርኩ። ንግሥቶቹ በአፋቸው ምንም አልያዙም አልኩ። አንዱ ሽማግሌ እንደፈራሁት ታዲያ በምን መጣ አለ። ሴቶቹ መሐል የተቀመጠችውን ዘነበችን አየኋት፤ ራሷን በዝግታ ወዘወዘችብኝ። እኔም ሥሩን ይዞ በሚሄደው አፈር ነው፣ በችግኝ ነው አልኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም።  አቶ ዳካ ጥቂት የገዛ እጃቸውን እያዩ ቆዩ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና መንገድ ጀመሩ። ሁላችንም ተከተልናቸው።

ቤታቸው ስንደርስ ከልጃቸው እጅ ዶማ ተቀብለው ገና ያልጠወለገ፣ የሚያምር እንሰት ሥር ቆፈሩ። ገለበጡት። ነጭ ነበር። በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ቀና አሉ።

«ለባልሽ ለቅሶ የሰጠሁሽ ከዚህ ነው» አሏት።  «ይነቀል ያልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ይነቀል።»

ዶማውን አነሱ። አንዱ እንሰት ወደቀ፣ ያ ከባድ ድምፅ እንደገና። ሁለተኛውን ሲያነሱ ዘነበች ወንዶቹን ገፍታ ገብታ እጀታውን ያዘች። ሴት የሽማግሌ እጅ ስትይዝ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። 

«ይህ ከተነቀለ» አለች፣ «ነገ ባሏ የሚሞትባት ሴት ወደ ማን ትሂድ?»

ሽማግሌው ቆሙ። ሁለቱም ዶማውን እንደያዙ ወደኔ ዞሩና ሌላ መንገድ የለውም ወይ አሉኝ። የታመመው ብቻ ወጥቶ ቦታው ይረፍ፣ ጉንዳኗን እኛ እንከታተላታለን፣ ጤነኛው ግልገል ደግሞ ሥሩ ታጥቦ ይተከል፣ የዘነበችም እንዲሁ አልኳቸው። ታጥቦ ብለው ደገሙት። ባዶ ሥር ማለቴ እንደሆነ ገብቷቸዋል። እጀታውን ለቀቁ።

ውሃ አስመጡ። ሴቶቹ በጄሪካን አመላለሱ። አቶ ዳካ ቁጢጥ ብለው የአንድ ግልገል ሥር በእጃቸው ማጠብ ጀመሩ። ጥቁሩ አፈር በጣቶቻቸው መሐል ሲወርድ ቀና ብለው ማንንም አላዩም። ሥሩ ጥርት ብሎ ሲወጣ በሁለት እጃቸው ይዘው ለዘነበች ዘረጉላት። ባዶውን ነው የሰጠሁሽ፣ እንዳትቀየሚኝ አሏት።

ዘነበች ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችው። ከጀርባዋ የነበሩት ሴቶችም ነጠላቸውን ዘርግተው ተሰለፉ።